ክሮንጆብ (ኩበርኔቲስ)

ክሮንጆብ ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስ ሥርዓት ውስጥ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስጀምር መሣሪያ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝና ዕለታዊ ዘገባ ለማውጣት ያገለግላል። ስሙ የመጣው ክሮን ከተባለው የዩኒክስ ፕሮግራም ነው።

አዘገጃጀት

በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የኮንቴይነሩ ምስል፣ ትእዛዙና የጊዜ ሰሌዳው ይጻፋሉ። ሰሌዳው በቅደም ተከተል ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን ነው፤ ኮከብ ምልክት «ሁሉም» ማለት ነው። ስለዚህ «0 2 * * *» በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው።

የሰዓት ክልል ካልተገለጸ ሰሌዳው የሚነበበው በተቆጣጣሪው ክፍል ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ዩቲሲ ከሆነ ይኸው ሥራ በኢትዮጵያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው እትም 1.27 ጀምሮ የሰዓት ክልሉን በፋይሉ ውስጥ በቋሚነት መግለጽ ይቻላል።

ጥንቃቄ

አንድ ሥራ ሳያልቅ ቀጣዩ ከደረሰ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሠራት፣ አዲሱን መዝለል ወይም የቆየውን በአዲሱ መተካት ይቻላል። ካልተመረጠ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

አልፎ አልፎ ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ሥራ ሊፈጠር፣ ወይም ጭራሽ ላይፈጠር ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ቢሠራም ጉዳት እንዳያደርስ ሆኖ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ ደመወዝ የሚከፍል ፕሮግራም ገንዘብ ከማስተላለፉ በፊት ክፍያው አስቀድሞ አለመፈጸሙን ማረጋገጥ ይኖርበታል።