ደንገል፣ በርሜል፣ አልሙኒየም

ጉለሌ ሐይቅ የለውም። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች ክረምት ላይ ቢሞሉም ጀልባ አይሸከሙም። የሰሞኑ ወሬያችን ግን ጀልባ ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሸመነ ያደገ አንድ ወዳጄ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ሸማኔዎች ቤተሰቡ ከጋሞ ደጋ የመጣ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያጓጉዝበት ፖንቶን ጀልባ ሊገዛ ቆርጧል። የዋጋ ማቅረቢያዎቹን ዘርግቶ «የትኛውን ልግዛ?» አለኝ።

ፖንቶን በሁለት ወይም በሦስት የተደፈኑ የአልሙኒየም ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አምብሮዝ ዊረስ የተባለ የሚኒሶታ ገበሬ በሁለት ረድፍ የብረት በርሜል ላይ የእንጨት መድረክ አስሮ ሐይቅ ላይ አወጣው፤ የዛሬው ፖንቶን የዚያ ልጅ ነው። ሐሳቡ ለጣና ሰው እንግዳ አይደለም። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ከደንገል የሚያስሩት ታንኳ እንደ ገበቴ ውሃን ከውጭ አያስቀርም፤ ውሃው በእስሩ መሐል ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው ቅርጹ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ቢበሳ አይሰምጥም። ጉድለቱ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ያሠሩት ሁልጊዜ ይገርመኛል። የንጉሡ እስረኛ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ እንደጻፈው ንጉሡ የእንፋሎት መርከብ አምሳል ጀልባ በደንገል አሠርተው፣ ወለሉን በእንጨት አስነጥፈው፣ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመውለት ነበር። ከበታች ተንሳፋፊ እስር፣ ከላይ ጠፍጣፋ ወለል። ከዊረስ በርሜሎች ወደ 86 ዓመት ይቀድማል! ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ያልሰማነው ያሳዝነኛል።

ያው የጣና ደንገል እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጃዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊሻገርባት የተነሣባት ጀልባ «ራ» የተሠራችበት ነው። የቻድ ሐይቅ ሰዎች ጊዛ ላይ አሰሯት፤ የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ ሄዶ መንገድ ላይ ተተወች። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ያሰሯት «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ነው፤ አስተሳሰሩ ተለየ።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ የነገርኩት የፎቶውን ውበት ትቶ ከወለሉ በታች ያለውን እንዲያይ ነው። መጀመሪያ ቱቦው። አንድ ወጥ ባዶ ከሆነ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ በውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ከሆነ ግን አንዱ ክፍል ቢበሳ ሌሎቹ ይይዙታል። ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሁለት ቱቦ ለረጋ ውሃ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ለሚያናውጠው ጫሞ፣ ሰውም ለሚበዛበት ጉዞ፣ እኔ ሦስቱን እመርጣለሁ። የጫሞ አዞ ደግሞ የአጥሩን ከፍታ ያስመርጣል።

ሞተሩም አለ። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ኃይሉን ያጣል። ጫሞ 1,100 ሜትር ግድም ነው፤ አንድ አሥረኛውን መተው ነው። ጣና ቢሆን 1,800 ስለሚጠጋ ይብሳል፤ እዚያ ደግሞ እምቦጭ ፕሮፔለሩን ይተበትበዋል።

ብዙ ገዢ የሚረሳው መንገዱን ነው። የኮንቴነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው ፖንቶን 2.6 ሜትር ይደርሳል። ተፈታትቶ ካልመጣ አይገባም፤ ተፈታትቶ ከመጣም አርባ ምንጭ ላይ በትክክል የሚገጥመው፣ ሲሰነጠቅም አልሙኒየም መበየድ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ለጣና የመጣችው ትልቅ ጀልባ ጣና ነሽ 2 በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ባሕር ዳር በየብስ ስትጓዝ አገር ቆሞ አይቷታል፤ ያን ያህል አቅም አንድ ሸማኔ ከየት ያመጣል?

የአባያ ሐይቋ የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ግን ውሃ ዳር የሚበቅል ቀላል እንጨት አስረው ነው የኖሩት። ቢሰበር መለዋወጫው ዳርቻው ላይ በቅሎ ይጠብቃቸዋል።

ወዳጄ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አርባ ምንጭ ወርዶ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ጀልባ ነጂዎቹ ሞገዱን እንዴት እንደሚቆርጡት ጫሞ ዳር ቆሞ ሊያይ ነው።