ያክ 40፤ የትናንሽ ከተሞች ጄት

የአይሮፕላን ታላቅነት በፍጥነቱ ብቻ የሚለካ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በሚያርፍበት ሜዳ ስለ ተመሰገነው ስለ ያክ 40 እንገልጻለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሶቪየት ኅብረት የጄት አይሮፕላን መንገደኞችን ማመላለስ የጀመረው በ1956 ነው። ይሁን እንጂ ትናንሾቹ ከተሞች የነበራቸው የሣር ወይም የአፈር ሜዳ ስለ ነበረ፥ በአሮጌ ባለፕሮፔለር አይሮፕላኖች መገልገላቸውን አልተዉም። የአሌክሳንደር ያኮቭሌቭ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ከተሞች ያክ 40ን ሠራ። አይሮፕላኑ በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በ1968 በኤሮፍሎት ሥራ ጀመረ።

ክንፎቹ ቀጥ ያሉና ሰፊ ስለ ሆኑ በዝግታ በርሮ ከአጭር ሜዳ ያርፋል። ሦስት ሞተሮች ስላሉት፥ ሲነሣ አንዱ ቢጠፋበት በሁለቱ ይበርራል። መሰላሉም ከጅራቱ ሥር ስለሚዘረጋ ከውጭ የሚቀርብ መሰላል አያሻውም። በሳራቶቭ ፋብሪካ ከ1000 በላይ ተሠሩ።

ነገር ግን ሠላሳ ያህል መንገደኞችን በሦስት ሞተር ማጓጓዝ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ወጪውን መንግሥት ሲችል ጉድለቱ አልታወቀም። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ግን ነዳጅ ተወደደ፤ ብዙ ትናንሽ ከተሞችም የአየር መሥመራቸውን አጡ።

እንግዲህ የሩቁን ሰው ከከተማ ጋር ማገናኘት መልካም ሥራ ነው፤ አገልግሎቱ የሚዘልቀው ግን የነገው ወጪ ዛሬ ሲታሰብ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንማራለን።