የወረቀት ገንዘብ ከምን ይሠራል?

አባቶቻችን በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ ነበር። አሞሌው ገበያ ቢያጣ ለወጥ ይሆናል፤ ብሩም ቢቀልጥ ጌጥ ይወጣዋል። የወረቀት ገንዘብ ግን ቢቀደድ ለምንም አይረባም። ታዲያ ሰዎች ይህን የመሰለውን ነገር ከምን ሠሩት? ስለ ምንስ ተቀበሉት? (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የወረቀት ገንዘብ የተጀመረው በቻይና ነው። በሲቹዋን አውራጃ መገበያያው የብረት ሳንቲም ስለ ነበረ፣ ነጋዴዎች ክብደቱ ቢያስመርራቸው ብረቱን በአደራ እያስቀመጡ በደረሰኙ ይገበያዩ ጀመር። መንግሥትም በ1024 ይህንኑ ደረሰኝ በራሱ ስም አወጣ። በ13ኛው መቶ ዓመት ማርኮ ፖሎ በኩብላይ ካን አገር ያየው ገንዘብ፣ ቅጠሉን የሐር ትል ከሚበላው ዛፍ ልጥ የተሠራና ቀይ ማኅተም ያረፈበት ነበር።

በስዊድን ደግሞ ገንዘቡ የመዳብ ሰሌዳ ነበረ፤ በ1644 ከተሠሩት ውስጥ ትልቁ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ከዚህ የተነሣ የስቶክሆልም ባንክ በ1661 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የባንክ ወረቀት አወጣ። የባንኩ መሥራች ዮሃን ፓልምስትሩክ ወረቀቱን ወፍራም አድርጎ በፊርማና በማኅተም አጸናው። ዳሩ ግን በሣጥኑ ካለው ገንዘብ ይልቅ ብዙ ወረቀት ስላተመ፣ ሕዝቡ ሊመነዝር በመጣ ጊዜ የሚከፍለው አጣ። በ1668 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ግን ምሕረት ተደረገለት።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመጽሐፍና የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት መሠራት ሲጀምር፣ የገንዘብ ወረቀት ግን ከጥጥና ከተልባ እግር አልተለየም። የእነዚህ ቃጫ ረጅምና ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ ደጋግሞ ቢታጠፍም ቶሎ አይበጠስም። የአሜሪካ ዶላር ከመቶው 75 እጅ ጥጥ፣ 25 እጅ የተልባ እግር ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ ሰዎች ስላስቸገሯት፣ በ1988 ከፕላስቲክ የተሠራ ባለ 10 ዶላር አወጣች።

እንግዲህ ልጡም ጥጡም ፕላስቲኩም የሚያገለግሉት ገንዘቡን ከመቀደድና ከአስመሳዮች ለመጠበቅ ነው፤ ዋጋ የሚሰጠው ግን ያወጣው ወገን የገባው ቃል ነው። የፓልምስትሩክ ወረቀት ሳይቀደድ የረከሰው ቃሉ ስለ ፈረሰ ነው። «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን ባንክ ሳያዩ ቢናገሩትም፣ ለባንክም ይሠራል።