ፓስታ በአዲስ አበባ፦ ከወረራው እስከ እናቶቻችን ጓዳ

አያቴ ፓስታ አትበላም ነበር። ልጅ ሳለሁ ጠባይዋ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፦ የአያቴ ታላቅ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ ደግሞ እኛን ያሳደገችን ያንኑ ፓስታ እየሠራች ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሁለቱ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ከጥንቱም የውጭ ሰው እጅ ያለባት ከተማ ናት። ከወረራው በፊት ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና የየመን ዓረቦች ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ይሠሩባት ነበር። እንግዳን በገንዘብ ማስተናገድ ባልተለመደበት ጊዜ፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

ጣሊያን ግን የገባው በጦር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ምግቡንም አብሮ አመጣ፤ ማዕዱ ግን የጋራ አልነበረም። ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀሉ ሕግ ወጣ። የአገሬው ሰው ገበያም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ መርካቶ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ እንዳይበቀል አሳሰቡ፤ ጥቂት የማይባሉ ጣሊያኖችም እዚሁ ቀሩ። ጋራዥ የከፈተ አለ፣ ግንበኛ የሆነ አለ፣ ምግብ ቤት የከፈተም አለ። ፒያሳ የነበረው ካስቴሊ ከእነዚህ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው።

እናቴ በአንድ ጣሊያን ቤት ወጥ ቤት ረዳት ሆና ገባች። ሽንኩርት ከታፊ፣ ዕቃ አጣቢ ነበረች። የሚያስተምራት አልነበረም፤ እያየች ለመደች። ኋላ በራሷ ቤት ምሳ መሸጥ ስትጀምር ሽንኩርቱን እንደ ወጥ አቁላልታ፣ በርበሬ ጣል አድርጋ ሳልሳውን ትሠራለች። በጾም በዘይት፣ በፍስክ በሥጋ ነው። ደንበኛው በእንጀራ ጠቅልሎ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ፓስታ ሮም ውስጥ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። በየመንደሩ እንዲህ የሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ፓስታን፣ መኮሮኒን፣ ኮስታን የባዕድ የሚል የለም።

አያቴ እስክታርፍ ድረስ አልቀመሰችውም። እናቴም አንድ ቀን "ብዪ" ብላ አላስቸገረቻትም፤ ሽሮዋን ለብቻ ትሠራላት ነበር። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ግፉን የማያስታውስ የምግብ ታሪክ ጎደሎ ነው፤ በዚያ ምግብ ልጅ ያሳደጉትን ሴቶች የሚረሳም እንዲሁ።

እህቶቼ፣ እናቶቻችሁ በእንዲህ ያለ ወጥ ቤት ሠርተው ከነበረ፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።