ከማኅሌት ወደ ተውኔት

ስለ ደብረ ታቦር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የከተሙባትን፣ በአጠገቧም በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባትን የጦር ከተማ ነው፤ እኔ ግን በዚህች ጽሑፍ የማወሳው በዚያው አገር የኖረውን፣ ሰው በዓይኑ ያስተዋለውን በአካሉ ቀርጾ ለተከታዩ የሚያወርስበትን ጥበብ፣ ማለት የአቋቋምን ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት፣ ማንም እንዲህ ብሎ ሳይሰይመው፣ ለቀደሙት ጸሐፍተ ተውኔታችን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንደ ነበረ አምናለሁ።

የደቡብ ጎንደር ደጋ የዜማ ማስመስከሪያ አገር ነው፤ ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ ይመሰከራል። ተማሪው ቃሉንና ዜማውን በጆሮው ከያዘ በኋላ ወደ አቋቋም ሲገባ የሚማረው በእግሩ፣ በትከሻውና መቋሚያ በያዘ እጁ ነው። አንዱ ቃል አስቀድሞ በቁም ዜማ ያለ ከበሮ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፤ በመረግድ ከበሮው ይገባና ጸናጽሉ ያጅበዋል፤ በመጨረሻም በጽፋት ጭብጨባው እየፈጠነ ማኅሌቱ ይግላል። አንድን ነገር ከጸጥታ አስነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ጡዘቱ የማድረስ ምስጢር ከዚህ በተሻለ የት እንደሚገኝ አላውቅም። ደግሞም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ቀኝ ጌታ የጀመረውን ግራ ጌታ እየተቀበለ ሲያዜሙ፣ የሁለት ወገን ምልልስ ምን ያህል በመጠባበቅና በመደማመጥ ላይ እንደሚቆም ደቀ መዝሙሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይማረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለነገሬ ምስክር የሚሆኑኝ በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝቡ እኒህን ሊቅ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ስለ ሆነ የአቋቋም መምህርነታቸው ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ይህም የሚያሳዝን ነው። በሊቃውንቱ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ትውፊት፣ አለቃ በጣና ዳር ሳሉ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ሲል ልብ ብለው ተመልክተው፣ ያን እንቅስቃሴ ወደ ሰው አካልና ወደ መቋሚያ አዛውረው አዲስ ዝማሜ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን የአባቶች ሥርዓት ይበቃናል ብለው አልተቀበሏቸውም፤ እሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እርሱም ስላስፋፋው እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም እየተባለ ይጠራል፤ ደብረ ታቦርም የዚህ ስልት መታወቂያ ሆነች። ውሃን አይቶ ዝማሜን ማውጣት፣ የሰውን ጠባይ አይቶ የሚያስቅና የሚወጋ ቃል ከማውጣት የተለየ ሥራ አይደለም፤ የአለቃ ዓይን በሁለቱም ቦታ አንድ ነበረ።

ይህን ዓይን የሚያሠለጥነው ማኅሌቱ ብቻ አልነበረም። ደበሎ ለብሶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የቆሎ ተማሪ የለጋሱንና የንፉጉን ፊት፣ የባልና የሚስቱን ጠብ፣ የውሻውን ጠባይ ሳይቀር ያጠናል። የከተማይቱን ስም በያዘው በነሐሴ 13 ቀን በዓል ዋዜማም ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በዱላቸው መሬት ሲመቱ፣ አውራጁ በደጃፉ የቆመበትን ባለቤት አይቶ ለእርሱ የሚስማማ ግጥም እዚያው ይፈጥራል፤ ቃሉ ካልሰመረ ሙልሙሉ ይቀራል።

የዘመናዊው ተውኔት ታሪክ ሲጻፍ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ከታየው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ይጀመራል፤ ትክክል ነው፤ እሳቸው በሩስያ ተምረው ቴአትርን በውጭ አገር አይተው የመጡ ናቸው። ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ መድረኩን የሞላው ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጣ፣ በቅኔና በዜማ ቤት ያደገ የቤተ ክህነት ልጅ ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ የጻፋቸው ተውኔቶች በመዝሙርና በቅኔ የተሞሉ መሆናቸውን ብዙ ተመልካቾች እንደ ጉድለት ቆጥረውታል። እኔ እንደ ጉድለት አላየውም፤ ከማኅሌት የወጣ ሰው ቃልን ከዜማ ነጥሎ ሊያስብ አይችልምና። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከቃላቸው ተቀብለው ሲጽፉ ያገኙት የንግግር ለዛ፣ በአስቂኝ ተውኔቶቻቸው ውስጥ በሚናገሩት ሰዎች አፍ ላይ ይሰማል።

እንግዲህ ተውኔት መጻፍን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ደቀ መዛሙርታችሁን ስለ አርስጣጣሊስ ከማስተማራችሁ ጋር፣ አንድ ክረምት ወደ ደብረ ታቦር ላኩልን፤ መጽሐፉን ለጊዜው አጥፈው መቋሚያ ይያዙና በአቋቋም መምህር ፊት ይቁሙ።