ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ፦ አቅጣጫ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ዐረፍተ ነገር

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ላይ አርማጭሆን፣ ቀጥሎ ታች አርማጭሆን ያገኛል። የላዩ ዋና ከተማ ትክል ድንጋይ፣ የታቹ ደግሞ ሳንጃ ነው። ሁለቱም ወረዳዎች አቅጣጫቸውን ከስማቸው ፊት አስቀድመዋል። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንትም እንዲሁ ናቸው፤ በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉትም እንዲሁ። በአማርኛ የት የሚለው ይቀድማል፣ ምን የሚለው ይከተላል። ለረዥም ሐረግም ደንቡ ያው ነው። «ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሳንጃ የሚወርደው መንገድ» ሲባል፣ ሰሚው ተነሥቶ፣ አልፎና ወርዶ ካበቃ በኋላ ነው የተወራው ስለ መንገድ መሆኑን የሚያውቀው።

እንግሊዝኛ ይህንኑ «ዘ ሮድ ሊዲንግ ዳውን ፍሮም ጎንደር ቱ ሳንጃ» ይለዋል። መንገዱ መጀመሪያ ይጠራል። ከኋላው በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ይቀጠላል፣ ከግሱ ቀጥሎ «ዳውን» ይገባል፣ ከዚያ መነሻው፣ ከዚያ መድረሻው። እንዲህ ያለው አሰካክ በየትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በቃል እንደሚጠና የመስተዋድድ ዝርዝር ነው። እኔ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ጉዞን የሚያዩበት ዐይን እንደሚለያይ፣ በዚህ በሱዳን ድንበር ቆላ ታሪክ ውስጥም ልዩነቱ በወረቀት ላይ አሻራ እንደተወ አምናለሁ።

ልዩነቱ ከግሱ ይጀምራል። አማርኛ አቅጣጫን በግሱ ሆድ ውስጥ ይይዛል፤ ወረደ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ተሻገረ፣ ዘለቀ። እንግሊዝኛ ለግሱ የአካሄዱን ዐይነት ይሰጥና አቅጣጫውን «ዳውን»፣ «አፕ»፣ «ኢን»፣ «አክሮስ» ለሚባሉ አጫጭር ቃላት ይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ሊዮናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት የዓለምን ቋንቋዎች በዚሁ መሥፈርት ለይቷቸዋል፤ ሴማዊ ቋንቋዎችን የመደባቸውም አቅጣጫን በግስ ከሚናገሩት ወገን ነው። ለምዕራብ ጎንደር ሰው ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትቆማለች፣ መተማ ወደ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። «መተማ ወረደ» ሲባል ሙቀቱ፣ ወባውና የሰሊጥ አረሙ አብረው ይሰማሉ፤ «ጎንደር ወጣ» ሲባል ደጋው፣ ፍርድ ቤቱና ሆስፒታሉ።

አማርኛ ግን ሁልጊዜ ስምን ወደ መጨረሻ የሚገፋ ቋንቋ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የዘመዱ የግእዝ ልማድ ሌላ ነውና። ግእዝ «ብእሲ ዘመጽአ እምጎንደር» ይላል። ሰውየው አስቀድሞ ይጠራል፣ መምጣቱ ይከተላል፣ መነሻው ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ይልቅ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል። አማርኛ ዛሬ «ከጎንደር የመጣው ሰው» የሚል ቋንቋ የሆነው ለብዙ ዘመን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር አብሮ በመኖሩ ነው ብለው የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 በዚሁ የኩሽ ተጽዕኖ ላይ ጽፏል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከመተማው መንገድ መራቅ አያስፈልግም፤ በጭልጋ ዙሪያ ሲነገር የኖረው የቅማንት ቋንቋ ከአገው ወገን ነው፣ ገላጩንም ከስሙ ያስቀድማል። ከጎንደር በመተማ ወደ ሱዳን የወረደ ነጋዴና ወታደር በዚያ አገር አልፏል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በግእዝ ሲጻፍ የጎንደር ገበያ በአማርኛ ይነግድ ነበር፤ ያም ማለት አንዱ ከተማ ስምን በሚያስቀድምና ስምን በሚያዘገይ አነጋገር በአንድ ጊዜ ይኖር ነበር። ይህ ብዙ ያልተነገረለት ሀብት ይመስለኛል።

እንግሊዝኛም ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የአቅጣጫ ቃላቱ ብዙውን ጊዜ ከግሱ ፊት ይቆሙ ነበር፤ ወደ ኋላ የተሻገሩት በመካከለኛው ዘመን ነው። «ኢንግ»ም በዚያው ዘመን «ኤንደ» የሚለውን አሮጌ ቅጥያ ተክቶ ቦታውን ያዘ።

ወደ እኛ ቆላ የመጡት እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የተገኙት ይህ ለውጥ ካበቃ ከረዥም ጊዜ በኋላ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 ማብቂያ ከጎንደር ተነሥቶ በራስ ፊል በኩል ወደ ሰናር ወረደ፤ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉም በ1790 ታተመ። ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 የአትባራን ገባሮች፣ አንገረብንና ሰቲትን ጭምር፣ እየተከተለ ዞረ፤ መጽሐፉ በ1867 ወጣ። ወንዝን ከምንጩ እስከ መጋጠሚያው ለሚከተል ጸሐፊ ስምን የሚያስቀድመው አሰካክ የተመቸ ነው፤ የወንዙን ስም አንዴ ጠርቶ ሸለቆውን፣ መታጠፊያውንና መድረሻውን ያለ ገደብ መቀጠል ይችላል። እኛ ጓንግ የምንለው እነሱ አትባራ የሚሉት ወንዝ በገጾቻቸው ላይ የሚፈሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከጉዞ መጽሐፍ ወደ ውል ሲኬድ ግን ነገሩ ይከብዳል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የሱዳንን ድንበር ውል ፈረሙ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ፣ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ሕጋዊ ተደረጉ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ አንቀጽ መስመሩ አስቀድሞ ይጠራል፤ ከዚያ በካርታው ላይ ከኡም ሐጀር እስከ ገላባት፣ ወደ ጥቁር ዐባይ፣ ወደ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ ወንዞች እየተባለ እስከ ደቡቡ ጫፍ ይሳባል። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ምድር፣ አርማጭሆና ቋራ የሚያዋስኑትም ጭምር፣ ከአንድ ስም ኋላ በተንጠለጠለ አንድ ሐረግ ታለፈ። ሐረጉ የቦታ ስሞችን ያያይዛል፤ በሁለቱ ስሞች መካከል መስመሩ በየትኛው ኮረብታ፣ በየትኛው ጅረት እንደሚያልፍ ግን አይናገርም። ክፍተቱን በ1903 እ.ኤ.አ. የሞላው ሜጀር ቻርልስ ግዊን ነው፤ ምልክቱን ሲተክል የኢትዮጵያ ተወካዮች አብረውት አልነበሩም። የዛሬው የድንበር ገበሬ ጣጣ ከዚያ ጀምሮ የተከተለ ነው። ጥፋቱን በሰዋስው ላይ መጫን አይቻልም፤ ግን ሰዋስው ያቀለለውን አለመናገርን ማየት ይገባል።

ሦስተኛው አንቀጽ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። እንግሊዝኛው በጥቁር ዐባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ስለሚሠራ ሥራ ሲናገር «ሥራ» ከሚለው ስም ኋላ «አክሮስ» የምትለዋን ቃል ያስቀምጣል፤ የውሃውን ፍሰት ስለ ማቆም የሚናገረው ሐረግ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አክሮስ» ብቻዋን ስትታይ ተሻግሮ የሚዘረጋን ሁሉ ልትይዝ ትችላለች። አማርኛው እንዲህ ሊተዋት አይችልም፤ ከስሙ ፊት ግስ ያለው ሐረግ ማቆም አለበት። ስለዚህ ወንዙን ከዳር እዳር ስለሚደፍን ሥራ ይናገራል። መድፈን ግልጽ ድርጊት ነው፤ ውሃውን ሳይደፍን የሚያሳልፍ ግድብ በዚህ ቃል አይያዝም። ስለ ዐባይ ሲከራከሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛው ቃል የጸኑት በከንቱ አልነበረም።

በሱዳን አስተዳደር ውስጥ ያገለግል የነበረው አርምብሩስተር እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በካምብሪጅ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። ከድንበሩ ማዶ የተቀመጠ መንግሥት የአማርኛን አሰካክ ለባለሥልጣኖቹ ማስተማር እንደሚያስፈልገው ተረድቶ ነበር።

ዛሬ ስሕተቱ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ይመጣል። «ኢንግ» ሲታይ «እየ» ይጻፋል፤ «ወደ ሳንጃ እየወረደ ያለ መንገድ» የሚል ዜና ይነበባል። መንገዱ አሁን እየተንቀሳቀሰ አይደለም። እንግሊዝኛ በአንዱ «ኢንግ» ሁለት ነገር ይሸፍናል፦ ሁልጊዜ ያለውንና አሁን እየተደረገ ያለውን። አማርኛ ይለያቸዋል። ወንዙና መንገዱ «የሚወርድ» ናቸው፤ ዘንቢል ይዞ ወደ ገበያ ያዘነበለው ሰው «እየወረደ ያለ» ነው። የሳንጃ ተማሪ ይህን ለመረዳት የለንደን ጎዳና ምሳሌ አያስፈልገውም። መምህሩ «ዘ ሪቨር ፍሎዊንግ ዳውን ቱ አትባራ» እና «ዘ ማን ዎኪንግ ዳውን ቱ ሳንጃ» የሚሉትን ጎን ለጎን ጽፎ የትኛው «የሚ» እንደሚወስድ፣ የትኛው «እየ» እንደሚወስድ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ሁለቱንም ከደጁ ያውቃቸዋል። ረዥሙ ሐረግ ሲመጣም በአንድ ትንፋሽ ከስሙ ፊት መከመር የለበትም፤ «መንገዱ ከጎንደር ይነሣል፣ በትክል ድንጋይ ያልፋል፣ ሳንጃ ይወርዳል» ብሎ በግስ በግስ መበተን ሙሉ አማርኛ ነው።