ጋልዋ ያን ሁሉ በአንድ ሌሊት አልጻፈውም

ታሪኩን ሳትሰሙት አትቀሩም። የ20 ዓመት ፈረንሳዊ ወጣት ጠዋት በሽጉጥ ሊፋለም ቀጠሮ ይዟል። እንደሚሞት ያውቃል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ዓለም አይቶት የማያውቀውን ሒሳብ ፈጥሮ ይጽፋል፤ ሲነጋ ወጥቶ በጥይት ይመታል። ፊልም በሉት!

(በነገራችን ላይ እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቫሪስት ጋልዋ ሜይ 30 ቀን 1832 ፓሪስ ላይ መመታቱ፣ በማግስቱም ሆስፒታል መሞቱ እውነት ነው። ከፍልሚያው በፊት በነበረው ሌሊት ለጓደኛው ለኦጉስት ሸቫሊየ ረጅም ደብዳቤ መጻፉም እውነት ነው። ውሸቱ «ሒሳቡን ያኔ ፈጠረው» የሚለው ነው። ይህን ወሬ ከሁሉ በላይ ያሰራጨው ኤሪክ ቴምፕል ቤል በ1937 ያሳተመው የሒሳብ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው። በ1982 ቶኒ ሮትማን የተባለ የፊዚክስ ሰው ሰነዶቹን አገላብጦ ተረቱን በደንብ አፈራርሶታል።

ሰነዶቹ የሚሉት ሌላ ነው። ልጁ ሥራውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ መጀመሪያ ያቀረበው በ1829፣ ገና በ17 ዓመቱ ነው። በ1830 እንደገና ጽፎ ለውድድር አስገባ። ወረቀቱ ፉሪየ እጅ ገባ፤ ፉሪየ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ወረቀቱም የገባበት ጠፋ። በ1831 ለሦስተኛ ጊዜ ጽፎ ሰጠ። አሁን ደግሞ ፖይሶን አንብቦ «አልገባኝም» ብሎ መለሰው። በነዚሁ ዓመታት ውስጥ አባቱ ራሱን አጠፋ፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክ መግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ከኤኮል ኖርማል ተባረረ፣ በፖለቲካ ምክንያትም ታሰረ። እስር ቤት ሆኖ እንኳ ለሥራው መቅድም ጽፏል፤ ምሬት የሞላበት መቅድም።

እንግዲህ ያቺ የመጨረሻ ሌሊት የእርማት ሌሊት ነበረች። የተመለሰበትን ወረቀት አውጥቶ፣ አንዱ ማረጋገጫ ጎደሎ መሆኑን ዳር ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጊዜ እንደሌለው ጨመረበት። ለእኔ ይሄ ከፊልሙ የበለጠ ያሳዝናል።

ፖይሶንን ብዙዎች ይረግሙታል። እኔ አልረግመውም። ወረቀቱ በእርግጥ የተጨናነቀ ነበር፤ እሱም ደራሲው ሥራውን በሙሉ ሲያወጣ የተሻለ መገምገም እንደሚቻል ጽፏል። ችግሩ ጋልዋ የሚናገርበት ቋንቋ ገና አለመኖሩ ነበር።

ምን ነበር የሚለው? ሃይስኩል የሸመደድናት ኳድራቲክ ፎርሙላ ትዝ ትላችኋለች። ለሦስተኛና ለአራተኛ ፓወርም ፎርሙላ አለ። ለአምስተኛ ግን አጠቃላይ ፎርሙላ እንደሌለ ኖርዌያዊው አቤል በ1824 አሳይቶ ነበር። ጋልዋ የጠየቀው ከዚያ ይጠልቃል፦ የትኛው ኢኩዌሽን ይፈታል? የትኛው አይፈታም? ለምን?

መልሱን የፈለገው መልሶቹን በማቀያየር ነው። አራት ቁጥሮች ውሰዱ፦ የ2 ስኩዌር ሩት፣ ኔጌቲቩ፣ የ3 ስኩዌር ሩት፣ ኔጌቲቩ። አራት ነገሮች በ24 መንገድ ይቀያየራሉ። ግን የ2ን ስኩዌር ሩት በ3ቱ ብትተኩት ትያዛላችሁ፤ አንዱ በራሱ ሲባዛ 2፣ ሌላው 3 ይሰጣላ! የ2ቱን ከኔጌቲቩ ጋር ብትቀያይሩ ግን ከሙሉ ቁጥሮችና ከክፍልፋዮች ዓለም ሆኖ የሚያይ ማንም አይነቃባችሁም። እንዲህ ሳይያዙ የሚያልፉት ቅይይሮች ከ24ቱ 4 ብቻ ናቸው። እነዚህ 4 የኢኩዌሽኑ «ግሩፕ» ይባላሉ።

አዲስ ሩት በጨመራችሁ ቁጥር ሳይያዝ የሚያልፈው ቅይይር ሊያንስ ይችላል። ግሩፑ በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ከተበተነ ኢኩዌሽኑ ተፈታ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከአንድ ቁጥር አምስተኛ ፓወር ላይ የቁጥሩን አራት እጥፍ ቀንሱ፣ 2 ደምሩ፣ ዜሮ ይሁን በሉ። ግሩፑ 120 ቅይይር አለው። አንድ ስኩዌር ሩት ወደ 60 ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ሩት ብታመጡ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ሁሉ ሊዩቪል አሳትሞ ለሕዝብ ያወጣው በ1846 ነው፤ ልጁ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ።

ቀጥሎ የመጣው እንግሊዛዊው አርተር ኬይሊ ነው (በዚያን ጊዜ እንጀራው ጥብቅና ነበር፤ ሒሳቡን በትርፍ ጊዜው ነው የሚሠራው)። በ1854 ግሩፕን ከኢኩዌሽን ለይቶ ራሱን እንደቻለ ነገር ጻፈበት። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቲዎረም ቁጥሩ የተወሰነ አባል ያለው ግሩፕ ሁሉ የቅይይር ግሩፕ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። ሰዓታችሁን እዩ። በ12ቱ ሰዓቶች ላይ ሁሉ 3 ደምሩ፦ 1 ወደ 4 ይሄዳል፣ 10 ወደ 1 ይዞራል። አንድም ሰዓት አይጠፋም፣ ሁለት ሰዓቶችም አንድ ቦታ ላይ አይጋጩም። መደመሩ ራሱ ቅይይር ሆኖ አረፈው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይገለበጣል። አንድ ግሩፕ ቢሰጠኝ፣ የእሱ የሆነ ኢኩዌሽን አገኛለሁ? በኬይሊ መንገድ አዎ፦ ግሩፑን ወደ ቅይይር ለውጡት፣ ያልታወቁ ፊደላትን አቀያይሩበት፣ በመቀያየሩ የማይለወጠውን ሁሉ መነሻ ዓለም አድርጉት። ግን ያ መነሻ እኛ የሠራነው ነው። መነሻው ተራዎቹ ሙሉ ቁጥሮችና ክፍልፋዮች ይሁኑ ከተባለስ?

እዚህ ላይ ነው ትልልቆቹ የተጋጋጡት። ኤሚ ኖተር በ1918 በዚያው የፊደላት መንገድ የሚያስኬድ ስልት አቀረበች፤ በ1969 ሪቻርድ ስዋን 47 አባላት ባሉት አንድ ተራ ግሩፕ ላይ ስልቱ እንደሚሰናከል አሳየ። ሻፋሬቪች በ1954 በሩት ለሚፈቱት ግሩፖች ሁሉ ኢኩዌሽን እንዳለ አሳይቷል። በ1984 ደግሞ ጆን ቶምሰን «ሞንስተር» ለሚባለው፣ የአባላቱ ብዛት 54 አሃዝ ላለው ግሩፕ አገኘለት። ለሁሉም ግሩፕ ይኖር እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም፤ የለም ብሎ ያሳየም የለም።